ወዲያ የት ነው?

ትምህርት ቤቱ ንጹሕ ነው። ይህን የምለው ለሐሜት መንደርደሪያ አይደለም፤ የምር ንጹሕ ነው። ከበሩ እስከ ሰንደቅ ዓላማው መስቀያ ድረስ በመብራት ቢፈልጉ አንድ የከረሜላ ወረቀት አያገኙም። በየሳምንቱ ዓርብ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ግቢውን ይለቅማሉ፣ ጆንያ ይሞላሉ፤ ከዚያ መምህርቷ "በሉ ልጆች፣ ወዲያ ጣሉት" ይላሉ። ልጆቹም ጆንያውን በኋላ አጥር ላይ አሻግረው ይገለብጡታል። ከዓይን የጠፋ ከዓለም ጠፋ፤ ብዙዎቻችንም የተማርነው እንዲሁ ነው።

አንድ ዓርብ ከስድስተኛ ክፍል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጓደኞቿ "ለምንባይ" ይሏታል፤ ስሙን ያለ ሥራ አላገኘችውም።

"ቲቸር፣ ወዲያ የት ነው?"

"ወዲያ ነዋ! ከአጥሩ ማዶ።"

"ከአጥሩ ማዶ እኮ የእኛ ቤት ነው።"

ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። መምህርቷም ፈገግ አሉ። "ቤታችሁ ላይ ማን ጣለ? ቦዩ ውስጥ ነው እንጂ" አሉና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ቦዩም ተዘጋ።

የልጅቷ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ያላት አንዲት ክፍልና አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነው። የምትሰፋው የዚያኑ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ሌላ ገቢ የላቸውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ውሃው በቦዩ መሄጃ ሲያጣ ዞሮ ወደ ክፍሏ ገባ። የመኪናውን መርገጫ ዋጠው። ተጣጥፈው የተቀመጡ ዐሥራ አራት የዩኒፎርም ሸሚዞች ጭቃ ጠጡ። ከውሃው ጋር የለስላሳ ጠርሙስ፣ የብስኩት መጠቅለያና የፈተና ወረቀት ገባ፤ ከሁሉም በኋላ በላስቲክ የተሸፈነ ሥዕል እየተንሳፈፈ ደረሰ። "አካባቢያችንን እንጠብቅ!" ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክርቢቶ "10/10" ተጽፎበታል።

"አፍሽን ያዢ ልጄ" አለች እናት ሸሚዝ እየጨመቀች። "ሥራውን ከነጠቁን ምን ልንሆን ነው? ሆድ ይፍጀው።"

"እማዬ፣ ሆድማ ስንቱን ፈጀ! አሁን የቀረው ቤቱ ነው።"

በማግስቱ ትምህርት ቤቱን "አርአያ" ብለው ለመሸለም ገምጋሚዎች መጡ። ለምንባይም ከቁመቷ የማያንስ ጆንያ እየጎተተች በሩ ላይ ደረሰች። ዘበኛው አገዳት።

"ምንድን ነው?"

"የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። ልመልስ ነው።"

"ንብረት ከሆነማ ግቢ" አላት። መመሪያው የሚከለክለው ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይደለም።

ዳይሬክተሩ እንግዶቹን አበባ እያስጎበኙ ሳለ ጆንያው እግራቸው ሥር ተዘረገፈ።

"አንቺ! አብደሻል? ይሄን አሁኑኑ ወዲያ ውሰጂ!"

"የቱ ወዲያ፣ ጋሼ? ከወዲያ እኮ ነው ያመጣሁት።"

ከገምጋሚዎቹ አንዱን ድንገት ሳል ያዘው።

"ወላጅ ሳታመጪ ክፍል አትገቢም!"

ወላጅ መጥሪያ አላስፈለገም። እናትየው ልጇን ፍለጋ ተከትላ መጥታለች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ቀሚሷ ደረት ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ እጇ ላይ የራሰ ሸሚዝ። ሁሉም ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ብሎ ጠበቀ። እሷም የመጣችው ልትጠይቅ ነበር።

"ልጅሽን ሥርዓት አስተምሪ" አሏት ዳይሬክተሩ። "ከአጥሩ ማዶ ላለ ነገር እኛ አንጠየቅም።"

ሴትየዋ ሸሚዙን ቀስ ብላ አበባው ላይ አሰጣችው።

"ነገር ነኝ እንዴ እኔ?" አለች። "ከአጥሩ ማዶ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ነኝ። ሥራውን ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ልጄ ግን አንዲት ቃል አልተሳሳተችም፤ ይቅርታም አትጠይቅም።"

ከክበቡ ልጆች ጋር እንግዶቹን ሊቀበሉ የቆሙት መምህርቷ ጎንበስ ብለው ከክምሩ ውስጥ ሥዕሉን አነሡ። የገዛ ቀይ ቀለማቸውን አወቁት። እስክርቢቶ አውጥተው ከፊተኛው 10 ላይ 1ን ሰረዙና ዜሮዋን ብቻ ተዉ።

"ይሄ የልጆቹ አይደለም፣ የእኔ ውጤት ነው" አሉ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እዚያው ቁጢጥ አሉና ፕላስቲኩን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ መለየት ጀመሩ። የክበቡ ልጆችም አንድ በአንድ አጠገባቸው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ "ተነሡ!" አሉ። የተነሣ የለም።

ሽልማቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ። ዩኒፎርሙን ግን አሁንም የምትሰፋው እሷው ናት። ዓርብ ጆንያዎቹ አጥሩን ተሻገሩ፤ በዚህኛው ዓርብ ግን ባዶአቸውን ነበሩ። ልጆቹ ቦዩን ጠርገው፣ ሞልተው ይዘዋቸው ተመለሱ።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ብርቱካን ልጠው ልጣጩን ወደ አጥሩ ሊወረውሩ እጃቸውን አነሡ። ለምንባይ ቆማ ታያቸዋለች፤ ምንም አልጠየቀችም። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ልጣጩን ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

አንባቢ ሆይ፣ ያንተም እጅ ነገ ይነሣል። ከመወርወርህ በፊት "ወዲያ የማን ቤት ነው?" በል። መልሱን ካጣኸው፣ ኪስ አለህ።