ሦስት ጭረት

ሲኒማ አሳዩ ሞቶ የተገኘው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። በኳስ ሜዳው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ማሽኑ ባዶውን ይሽከረከራል፤ እሱ የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ራሱን ፈልጦት ተዘርግቷል።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ መጣች። ወንፊት ይሏታል፤ ቃል ስትነፋ ገለባ አታሳልፍም። የፖሊስ አዛዡ ግን ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ሬሳ አይቸኩልም፣ ፖሊስ ይቸኩላል።

«ሚስቱ ናት» አላት። «ክንዷን እዪው፣ በልዟል። ትናንት ደብድቧታል። ማሽኑንም ታውቃለች። ገድላው ፊልሙን እስከ መጨረሻው አሳየች። ስጠይቃት አልካደችም፤ ከሰዓት ትታሰራለች።»

ሚስቲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አስተማሪው ልጇ ከጎኗ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ፊልሙ የምን ነበር?» አለች ወንፊት ዘበኛውን።

«የፈረንሳዮች የድሮ ነው እመቤቴ፤ ሥዕሉ ራሱ ይራመዳል። አንዲት ልጅ ኮከብ ላይ ትወጣለች። መጀመሪያ ባለ ጉንጉን ነበረች፣ ቀጥሎ ተላጭታ መጣች፣ ደግሞ ባለ ጉንጉን ሆና እዚያው ላጯት።»

«አልገረማችሁም?»

«የኮከብ አገር ነው፣ ጠጉር ቶሎ ይበቅላል አልን።»

አዛዡ ሳቀ። ወንፊት ቁጥር የተጻፈበትን የአራቱን የፊልም ቆርቆሮዎች ክዳን ገለጠች። ውስጥ ባለው በየፊልሙ ጥቅል ጠርዝ በሞረድ የተጫረ ምልክት አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሟቹ በጨለማ የሚለየው ዳብሶ ነበር። ፊደል ያልቆጠረችው ሚስቱም ሠላሳ ዓመት ያቀበለችው ዳብሳ ነው።

«እማማ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሁለተኛውን ይስጡኝ።»

የአሮጊቷ ጣት ሁለት ጭረት ላይ ደረሰ፣ ቆመ፣ አለፈ። ሦስተኛውን ሰጠቻት።

ወንፊት ክዳኖቹን እንደነበሩ መለሰች። «አንተስ መምህር?»

ልጁ ክዳን አነበበና «ሁለት» የሚለውን አቀበላት። ከፈተችው፤ ሦስት ጭረት።

«ስሙኝ» አለች። «የሁለተኛውና የሦስተኛው ክዳን ተለዋውጧል፤ ሟቹ ግን ክዳን አይቶ አያውቅም። ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ የታየው እሱ ሞቶ ሌላ ሰው ስላስገባው ነው። ዘበኛው ፊልም ማስገባት አይችልም። የእማማ ጣት አይሳሳትም፤ አሁን የተሳሳቱት ጥፋቱን በራሳቸው ሊያደርጉ አውቀው ነው። ክዳን ያመነው ማንበብ የሚያውቀው ነው።»

ልጁ ወደ እናቱ ጠቆመ። «ክንዷን አይቼ ነው። አንድ ጊዜ ገፋሁት። ማሽኑ ከቆመ ሰው ይመጣል ብዬ...»

አንድ ጊዜም ይበቃል።

«ልጅቷ ተላጭታ ስትመጣ አውቄአለሁ» አለች እናቱ። «አባትህ ማሽኑ ዘንድ እንደሌለ፣ አንተ እንደቆምህ። እስኪያልቅ ሜዳው ላይ ተቀመጥሁ።» ወደ ወንፊት ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ አድኚኝ ማን አለሽ? ለቀረችኝ ጥቂት ጀንበር?»

ወንፊት ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

«እንደ እኔ ሲዳብስ አይኑር ብዬ ትምህርት ቤት የላክሁት እኔ ነኝ።»

አዛዡ ካቴናውን አወጣ። አሮጊቷ ቀና ብላ አላየችም፤ ጭረቶቹን በጣቷ ዳብሳ፣ የተለዋወጡትን ሁለት ክዳኖች በየቦታቸው ገጠመቻቸው።