የአሥራ አንድ ቀን ሉካንዳ

ሉካንዳዋ ከተከፈተች አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ባለቤቷ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ራሷ መርጣ ባስነጠፈችው ነጭ ሴራሚክ ላይ፣ ከጓሮው በር ሥር ወድቃ ተገኘች። ሽርጧ ከወገብ በታች ነጭ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ባልደረቦቹ በስሙ አይጠሩትም፤ «ቆይማ» ነው የሚሉት። ሌላው ሰው ነገሩን ጨርሶ ኮቱን ሲያነሣ እሱ ሁልጊዜ «ቆይማ» ስለሚል ስሙ ወጣለት።

«የሚያከራክር ነገር የለውም፣» አለ ሳጅኑ። «ታፋ ከአጥንቱ ስታወጣ ቢላው አምልጧት ጭኗን ወጋት። በዚህ ሥራ የሚያጋጥም ነው አሉ። ለጀማሪ ደግሞ…»

«ቆይማ።»

ቆይማ ተንበረከከ። መጀመሪያ የሟችን እጆች አየ። ሁለቱም መዳፎች እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ ሞራ ተለውሰዋል። ከጎኗ የወደቀውን ቢላ በመሐረብ አነሣው። እጀታው ደረቅ ነው፤ የሞራ ጠብታ እንኳ የለበትም። ስለቱን ገለበጠው። ወለሉን የነካው ገጽ ደም አለው፣ ላይኛው ንጹሕ ነው።

ቀጥሎ ወለሉን አየ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ እፍኝ የምታህል ደም አለች። ከዚያ እስከ ጓሮው በር ያለው አምስት እርምጃ ወለል ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው ያለበት። ትልቁ ደም ያለው እሷ ከወደቀችበት ላይ ነው።

ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የወጣ ታፋ ተጋድሟል። አጠገቡ አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆና አንድ ባለ እጀታ ትልቅ የቆርቆሮ ኩባያ አሉ። ኩባያው ሻይ የተቀዳበት እስከ ሲሶው ብቻ ነው። ከሚዛኑ በላይ ደግሞ የመክፈቻው ቀን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሟች መሐል ቆማ በሳቅ ዐይኗ ጠፍቷል፤ በአንድ ወገን ባሏና እህቷ፣ በሌላው አስተማሪዋ ጋሽ ሞረድ ወገባቸውን ትልቅ የናስ ዘለበት ባለው ቀበቶ ታጥቀው ቆመዋል።

ያገኘቻት ታናሽ እህቷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልብስ መኪናዋ በጓዳ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። ቆይማ ከመኪናው አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«አይዞሽ እህቴ። ይሄ ሱቅ ድሮ ያንቺ ነበር ይባላል።»

«የኔ ነበር። ፊት ለፊቱን ለሷ ለቀቅኩ።» ዐይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። እሷ ናት ያሳደገችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሆስፒታል ወጥ ቤት ሥጋ ስትቆርጥ ኖረች። ‹የሰው ቢላ ስስል ዕድሜዬ አለቀ፤ አንድ ቀን የራሴን እስላለሁ› ትል ነበር። ታዲያ ክፍሉን እንዴት ልከልክላት?»

«አልተቀየምሽም?»

«ሦስት ቀን አኩርፌያለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሥጋ ሊገዛ የመጣው ሰው ቀሚስ ማሳጠር ጀመረ። ‹አየሽ፣ በሬው ላንቺም አረሰ› ብላ ሳቀችብኝ።» ከመኪናው ላይ ያላለቀ ቀሚስ አንሥታ አጠፈች። «እሷ ደንበኛን ‹ስንት ኪሎ› ብላ አትጀምርም። ‹ምን ልትሠሪበት ነው?› ብላ ነው የምትጠይቀው፤ እንደ ሥራው ቆርጣ ትሰጣለች። በአሥር ቀን ሰፈሩን የወሰደችው በዚህ ነው።»

«ጠዋት ምን ሆነ?»

«ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ልሁን ትላለች። ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምራ የፊቱን በር ከውስጥ ትዘጋለች። እኔ አንድ ተኩል ላይ በጓሮ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሏል። ስገፋው… እግሯን ነካ።»

ባሏ የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ ሌሊት አድሮ ጠዋት ይመለሳል። ከትናንት በስቲያ ሚስቱ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቷል። «በር ዘግተሽ ከማን ጋር ነው የምታነጊው?» ነበር ያላት።

«ወንድሜ፣ ከሥራ የወጣኸው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የት ነበርክ?»

«ቤት። ተኝቼ።»

«ቆይማ። ሻይ ሻጯ አንድ ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ቆመህ አይታሃለች።»

ባልየው አንገቱን ደፋ። ከእግሩ ሥር ካለው ፌስታል አንድ ጥንድ ነጭ የላስቲክ ቦት አወጣ፤ ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ነው።

«‹ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ እግሬ በሰበሰ› ብላኝ ነበር። ልታረቃት ገዛሁ። መጥቼ በሩን ሳየው ዝግ ነው። ጥርጣሬዬ ተነሣብኝ። ማን እንደሚወጣ ልይ ብዬ ቆምኩ። በፊት በር ማንም አልወጣም። ወደ ቤቴ ሄድኩ።» ቦቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለቱን ገጠማቸው። «ብገባ ኖሮስ?»

ቆይማ ወደ ደጅ ወጣ።

ጋሽ ሞረድን ደጅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። አርባ ዓመት ሥጋ ቆርጠዋል። ቢላ ሲስሉ ድምፁ ዘፈን ነው ይባልላቸው ስለነበር «ሞረድ» ተባሉ። ሱቃቸውን ከዘጉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ «ዐይኔ ደከመ» ብለው ነው። ሟችን ብልት ማውጣት፣ ሥጋውን በየመገጣጠሚያው መለየት፣ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እጆቻቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተዋል። የታጠፈ ጋዜጣ ከጎናቸው አለ፣ በላዩ መነጽር። ሱሪያቸው በሲባጎ ታስሯል።

«አባቴ፣ ስንት ሰዓት መጡ?»

«ሁለት ሰዓት፣ እንደ ወትሮዬ። ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ።»

«ትምህርት ተቀባይ ነበረች?»

«ልጅ አልወለድኩም፣» አሉ ሽማግሌው፣ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። «ብወልድ እሷን ነበር።»

ሳጅኑ ቃላቸውን ጽፎ ለፊርማ ሲያቀርብላቸው «ጣቴን ላስነካ» አሉ። ቀለም የነካውን አውራ ጣት ወረቀቱ ላይ ጫን አድርገው ቶሎ ወደ ኪሳቸው መለሱት።

የቀረው በመንገዱ ማዕዘን ላይ ያለው የሌላው ሉካንዳ ባለቤት ነበር። በመክፈቻው ቀን «ሴት የያዘችው ሉካንዳ ወር አይሞላውም» ብሎ ለሰፈሩ ያወራ ሰው ነው። ጠዋቱን ሙሉ ግን ደንበኞች ሲያስተናግድ ነበር፤ ሰባት ሰው መሰከረለት። ቆይማ ጠርቶ ታፋውን አሳየው።

«የሷ እጅ ነው?»

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «አይደለም። አልደብቅዎትም፣ ሰው ልኬ እያስገዛሁ አቆራረጧን ሰልያለሁ። ቢላዋ እንደ ሐር ነው የሚሄደው። ይሄኛው አጥንቱን ሁሉ ነካክሶታል።»

«ጀማሪ ነዋ?»

«ጀማሪማ መገጣጠሚያውን የት ያገኘዋል! ይሄ ሰው የት መግባት እንዳለበት ያውቃል። እጁ ነው እንቢ ያለው።»

«ብቻ ይወጣል?»

«ሜንጦ ላይ ከተሰቀለ አዎ። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይቆርጣል።»

ማምሻውን አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ቆይማ አዳመጠ፤ አንድ ነገር ብቻ ሁለት ጊዜ አስደገመው።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱም ሉካንዳው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወለሉ ታጥቧል። ታናሽየዋ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ባልየው ከበሩ ጋ፣ የማዕዘኑ ባለሉካንዳ ከግድግዳው ተጠግተው ቆሙ። ለጋሽ ሞረድ ብቻ ወንበር ተሰጣቸው።

«ራሷን ወጋች ተብሎ ነበር፣» ሲል ቆይማ ጀመረ። «መዳፎቿ ግን ሁለቱም ሞራ ነበሩ። እንዲህ ባለ እጅ ቢላ ብትይዝ እጀታው ሞራ ይሆናል፤ ደረቅ ነው። ደሙም በአንድ ገጹ ብቻ ነው። የወጋ ቢላ ሁለቱም ገጹ ደም ይይዛል። ስለዚህ ያ ቢላ ደሙ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልወጋም። እሷ ታፋውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው፣ በሌላ ቢላ።»

«ማን?» አለ ባልየው።

«ቆይማ። ሰውየው ብልት ያውቃል፣ እጁ ግን አይታዘዝለትም። በትንሽ ብርጭቆ ሻይ ቢሰጡት ይደፋበታል፤ ስለዚህ ሰፊ ኩባያ ገዛችለት፣ ሲሶውን ብቻ ትቀዳለታለች። በር የምትዘጋውም ለዚህ ነው፣ ወንድሜ። ውሽማ ኖሯት አልነበረም። የአንድን ሰው ገመና ከደንበኛ ዐይን ትሸሽግ ነበር።»

ባልየው በሩን ደገፍ አለ።

«ሐኪሙ ደግሞ ከቁስሏ በላይ ጭኗ ላይ ሰፊ ቀበቶ የታሰረበት ምልክት አገኘ። ቀበቶው ግን እዚህ የለም። ያ ፎቶግራፍ ላይ የናስ ዘለበት ያለው ቀበቶ አለ፤ ትናንት በቦታው ሲባጎ አየሁ። ጋዜጣ የሚያነብ ሰውም መፈረም ፈርቶ ጣቱን አስነካ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ እጆችዎን ያውጡ።»

ጋሽ ሞረድ እጆቻቸውን አወጡ። ጉልበታቸው ላይ ሊያሳርፏቸው ሞከሩ፤ አላረፉም።

«ሦስት ዓመት ሆነው፣» አሉ። «ዐይኔ አልነበረም፤ ይሄ ነው። እሷ ገና ማስተማር በጀመርኩበት ሳምንት ዐወቀች። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ‹ሰው ሳይመጣ አንድ ታፋ አብረን እናውጣ ጋሼ፣ ካላዩልኝ አይሆንልኝም› አለችኝ። ከኔ በልጣ ነበር እኮ! ቢላ እንደያዝኩ እንድውል ብላ ነው።»

«ከዚያስ?»

«እጄ ዘለለ። ስለቱ አጥንቱን ስቶ ወደሷ ሄደ። ቀበቶዬን ፈትቼ ጭኗን አሰርኩ። ልታስወጣኝ ይሁን ልትወጣ አላውቅም፣ ተደግፋኝ እስከ ጓሮው በር ሄደች። እዚያ ወደቀች። ደም ሥሯን ያዝኩ። ጣቴ ሲንቀጠቀጥ የሷን ትርታ ከየት ልለየው? ሞተች አልኩ። ቀበቶዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ፈታሁት። የሷን ቢላ ከጎኗ አኑሬ፣ የኔን ይዤ ወጣሁ።»

«ማዶ ነበርኩ እኮ ጋሼ!» አለ ባልየው። «ለምን አልጮኹም? መንገዱን ተሻግሬ እደርስ ነበር።»

«ሰው ሲመጣ እጄን ያየዋል ብዬ፣» አሉ ጋሽ ሞረድ። «እውነቱ ይሄ ነው። ሌላ የለውም።»

ቆይማ ማስታወሻውን አጠፈ። የቀረች አንዲት ነገር ነበረች፤ ፍርድ ቤት ላይ መነበቧ አይቀርም፣ ዛሬ ግን ባይናገራት ወደደ። ታናሽየዋ ፊቱን አየችው።

«ያልነገሩን ነገር አለ።»

«እህቴ፣ ይቆይ።»

«አይቆይም። እህቴ ናት።»

ቆይማ ወለሉን እያየ ተናገረ። «ጠረጴዛው ሥር ያለው ደም ትንሽ ነበር፣ በመንገዱም ጠብታ ብቻ ነው። ቀበቶው ሠርቶ ነበር ማለት ነው። ብዙው ደም የፈሰሰው በሩ ሥር፣ ከተፈታ በኋላ ነው። ልብ ካልመታ ደም እንዲያ አይፈስም። ሐኪሙን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። ራሷን ስታ ነበር እንጂ አልሞተችም።»

ጋሽ ሞረድ በመጀመሪያ የሰሙ አልመሰሉም። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራተው ወለሉ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ሊያነሣቸው የተጠጋ አልነበረም። ባልየው ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ፤ ጨብጦት የነበረው እጁ ቀስ ብሎ ተፈታ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ታናሽየዋ ነች የተጠጋችው። ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«ከመውደቋ በፊት የተናገረችው ነገር አለ?»

ሽማግሌው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«‹አይዞዎት ጋሼ› አለችኝ። ‹እርስዎ አልመቱኝም። እኔ ነኝ ጠጋ ያልኩት።›»

ታናሽየዋ አፏን በሻሿ ያዘች። ሳጅኑ ጋሽ ሞረድን በብብታቸው ይዞ አስነሣቸው፤ ሲወጡ መንገደኛው ቆሞ እጃቸውን ሲያያቸው አልሸሸጉትም።

ባልየውም ወጣ። የማዕዘኑ ባለሉካንዳ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አየ፣ ዘጋው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የቀረው ሥጋ ይበላሻል፣ ልጄ። ከፈቀድሽልኝ ከሜንጦው አውርጄ ልቁረጥልሽ።»

«ማውረዱን እኔ አላውቅበትም፣» አለች።

«አውቃለሁ። አንቺ ከሥር በጨርቅ ያዥልኝ፤ ከባድ ነው።»

ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። እሷ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግታ ሁለት እጇን ከሥር አስገባች። ቆይማ ከበሩ ሆኖ ትንሽ አያቸው፤ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ወጣ።