የመስኮቱ ወገን

«አጥፊያት» አለ አጎቷ ፋሩቅ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሮ። «ይቺን ቃል አጥፊያት።»

ቃሏ «ደባል» ነበረች። አስማ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በኮምፒውተር መመዝገብ ከጀመረች ከርማለች። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ሰው የት እንደኖረ፣ ከማን ጋር እንደኖረና ይህን ማን እንደነገራት ይጠይቃል። ስለ አያቷ የሞላችው እንዲህ ይላል፦ መኖሪያ፣ ዶሮ ማነቂያ። የቀበሌው ቤት ተከራይ፣ ወይዘሮ ጽጌማርያም። አያቷ ደባል፤ በአንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ተከፍለው የኖሩ።

ቤቱ ከነሰፈሩ ፈርሷል። ካርታው ላይ አሁን የሚታየው ሰፊ መንገድ ነው። አስማ ቦታውን ለማግኘት የድሮ ጎረቤቶችን ለየብቻ ጠይቃለች፤ ምልክት ያደረገችው ቃላቸው ሲገጥም ብቻ ነው።

«ለምን ይጠፋል፣ ጋሼ?»

«እሁድ ለእህትሽ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አለ። እህትሽ ያለው የራሱን ታላቅ ልጅ ነው። «ይሄ ታትሞ ሳሎን ይሰቀላል። አያቷ ሰው ቤት ተጠግቶ ኖረ የሚል ይነበብ? ‹ፒያሳ፣ የራሱ ቤት› በይው።»

«ማን ነገረኝ ልበል?»

«እኔ።»

«አንተ እኮ እዚያው መጋረጃ ጀርባ ነው የተወለድከው።»

የፋሩቅ ልጅ ሙደሲር ከጫማ ሱቃቸው ባንኮኒ ጀርባ ጫማ እየደረደረ ሳቀ። «አስሚ፣ አታካብጂ። ሽማግሌዎቹ ሙድ እንዲይዙብን ነው? ጻፊለትና እንገላገል።»

የአስማ ፊት ጋለ። ቁልፎቹን እየደበደበች «ደባል»ን ከነወይዘሮ ጽጌማርያም ስም አጠፋች፤ «ፒያሳ፣ የራሱ ቤት» ብላ ጻፈች። ‹አስቀምጥ› የሚለውን ግን ገና አልነካችም፤ የሱቁ በር ላይ ሰው ቆመ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ነበሩ። አዲሱ ሰፈራቸው ሩቅ ቢሆንም ጊዮርጊስን ለመሳለም መምጣታቸው አልቀረም፤ ሲመለሱ እዚህ ሱቅ አረፍ ይላሉ። ፋሩቅ ዘሎ ተነሳ። ትከሻቸውን ደጋግሞ ሳመ፤ የራሱን ወንበር አቀረበላቸው።

«እናቴ፣ ምነው ጠፉ?»

‹እናቴ›። አስማ ጥርሷን ነከሰች። አሁን ስማቸውን ያስጠፋባቸውን ሴት ነው እናቴ የሚላቸው።

«ምን ትሠሪያለሽ፣ ጓለይ?» አሉ አሮጊቷ፣ ልጄ ሲሉ በትግርኛቸው።

«አያቴ የኖረበትን ቤት እየመዘገብኩ ነው፣ እማማ።»

«የትኛውን?»

አስማ አጎቷን አየችው። ፋሩቅ አንድ ጫማ አንስቶ የሌለ አቧራ ጠረገ። «ያው... ፒያሳ ብለነዋል» አለ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ፒያሳማ ሰፊ ነው» አሉ። ቀጥለው ወደ አስማ ዞሩ። «የአያትሽ አልጋ በመስኮቱ ወገን ነበር። ያለችን መስኮት አንዲት ናት። ልብስ ሰፊ ነው፣ ብርሃን ይፈልጋል ብለን ለእሱ ተውነው። እኛ በበሩ ወገን ሆንን። ክረምት ላይ ይበርድ ነበር እንጂ ደህና ቤት ነው።»

ሙደሲር እጁ ላይ ያለውን ጫማ የሚያስቀምጥበት የጠፋው ይመስል ይዞት ቆመ።

«መሽቶብኛል፤ ልሂድ» አሉ፣ ፀሐይዋ ገና ጣራ ላይ ሳለች። ፋሩቅ ክንዳቸውን ይዞ ታክሲ ድረስ ሊሸኛቸው ወጣ።

«ሼም ነው» አለ ሙደሲር ቀስ ብሎ። ማንን እንዳለ አልጠየቀችውም።

ንዴቷ አልበረደም። ጣቶቿ ግን አሁን ቁልፎቹን አይደበድቡም። «ፒያሳ፣ የራሱ ቤት» የሚለውን አጠፋች። «ዶሮ ማነቂያ»ንና «ደባል»ን መለሰች። በዚያው ቤት ነዋሪዎች ስር የጽጌማርያምን ስም ከነልጆቻቸው፣ ቀጥላም የፋሩቅን አስገባች፤ የትውልድ ቦታ፣ እዚያው። ማስታወሻው ላይ «አልጋው በመስኮቱ ወገን፤ ልብስ ሰፊ ስለነበረ» ብላ አሰፈረች። ምንጭ ወደሚለው ባዶ ሳጥን ወረደች። ከዚያ ጻፈች፦

«ወይዘሮ ጽጌማርያም። ፋሩቅ ባለበት የተናገሩት።»

አስቀመጠችው።

ፋሩቅ ሲመለስ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። «ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችና አሮጊቷ የተነሱበትን ወንበር ሳበችለት።