ከሂልዲንግ ጫማ የጎደለው ንጣፍ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1981፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንድሜን ሂልዲንግን ከጎተራችን ሥር ወድቆ አገኘሁት። ከጨለመ ቆይቷል። መሰላሉ ከጎኑ ተጋድሟል፤ ፀጉሩ ላይ በረዶ ተከምሯል። በእጅ ባትሪ ሳየው መጀመሪያ የገረመኝ የጉልበቶቹ መታጠፍ ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳለ አንስተው በጎኑ ያስተኙት ይመስላል።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወሬው ተነሣ። ሂልዲንግ አናጢ ነበር። በዚያው ሳምንት ካለፈው ዓመት ገቢህ የደበቅኸው አለ የሚል ደብዳቤ ከግብር ቢሮ ደርሶት ነበር። «ግብሩ ነው የገደለው፤ ከጎተራው ራሱን ወረወረ» ተባለ። ሰዉ እጄን እየጨበጠ ዓይኔን ግን ይሸሽ ጀመር። እኔ ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድሜ ትቶኝ የሄደው ፈልጎ ነው ወይስ ሳይፈልግ?

ኢንስፔክተር ኤስኪል ብሩማን ሰኞ ከከተማ መጣ። እኔ ያልነበርኩበትን ሁሉ ኋላ የነገረኝ እሱ ነው። በር ላይ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ የቀኝ አውራ ጣቱ ከካልሲው ብቅ አለ።

«ይቅርታ ታይራ፣ ሚስቴ ካልሲ መስፋት ታክቷታል» አለኝ። ከጫማው ውስጥ የሱፍ ንጣፎቹን አውጥቶ እንዲደርቁ ከምድጃው ጠርዝ አስቀመጣቸው። «ወንድምሽስ ሰው ቤት ሲገባ ንጣፉን ያወጣ ነበር?»

«የማያወጣ ማን አለ? በእርጥብ እግሩ የሚኖር ውሻ ብቻ ነው።»

«ቅዳሜ ጠዋት ሲወጣ በጫማው ውስጥ ነበሩ?»

«እኔ ራሴ ነኝ ከምድጃው አንስቼ የሰጠሁት። ገና ትኩስ ነበሩ። ጀልባዋን አይቼ እመጣለሁ ብሎ ወጣ።»

ብሩማን ከኛ ወጥቶ ወደ ሱቅ ሄደና አንድ እቅፍ ነጭ ካልሲ ገዛ። እስከ ምሳ ሰዓት መንደሩ ሁሉ ሳቀበት። «መንግሥት በግብራችን ካልሲ ይገዛል!» ተባለ።

መጀመሪያ የሄደው የመጋዝ ቤቱ ባለቤት ቶርቢየርን ዘንድ ነው። ሰዉ ሂልዲንግ ራሱን ገደለ ባይል ኖሮ ገዳዩ ቶርቢየርን ነው ይል ነበር፤ ሐሙስ ዕለት በሰው ፊት ተጯጩኸው ነበርና።

«እኔን ከምትጠይቅ ግብር ቢሮውን ጠይቅ!» አለ ቶርቢየርን፣ የመጋዙን ሞተር ሳያጠፋ። «አንድ ሳንቃ ለራሴ ስሰነጥቅ ሁለት ለመንግሥት እሰነጥቃለሁ። ሚስቴን እንኳ ስስም ደረሰኝ ቁረጥ ሊሉኝ ነው።»

«ከሂልዲንግ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በጉንቮር ነዋ! ግብር ቢሮ በምትሠራዋ። ‹እሷም እኮ ሰው ናት፣ ተዋት› አለኝ። ‹ግብር ሰብሳቢ ሰው ከሆነች ተኩላም ክርስትና ይነሣ› አልኩት። ጓደኛዬ ነበር፣ ኤስኪል። ሞተሩን የማላጠፋው ስታለቅስ ተሰማህ እንዳልባል ነው።»

ቀጥሎ ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዲሬክተር ፎልኬ ቤት ገባ። ለያንዳንዱ ቤት አዲስ ካልሲ ከመኪናው ውስጥ እያጠለቀ ነበር የሚገባው። ፎልኬ ዘወትር ስለ ግብር ሲሟገት ነው የሚገኘው።

«ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የኔ ጡረታ በምን የቆመ ይመስልሃል? የሚያማርር ሁሉ ሲታመም አልጋውን ይፈልጋል!»

ብሩማን ወጥ ቤቱን የሞላውን አዲስ ቁም ሣጥን ዳሰሰ። «ቆንጆ ሥራ ነው። ማን ሠራው?»

የፎልኬ ጆሮ ቀላ። «አንድ ወዳጄ... ረድቶኝ ነው።»

«ለወዳጅህ በምን ከፈልከው?»

«በአጋዘን ሥጋ» አለ ፎልኬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኋለኛውን እግር በሙሉ።»

የጉንቮር ቤት ከኛ ቤት በታች ነው። ብቻዋን ትኖራለች፤ በቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የሚቀመጥ የለም። በረንዳዋ ላይ አንዱ ተቀምጦበት ሌላው ከኋላ በእግሩ የሚገፋው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ወንበር ቆሟል። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ የወለል ሳሙና ይሸታል።

«ፎቁ ላይ ማን አለ?» አላት ብሩማን።

«ማንም። ክረምት ክረምት እዘጋዋለሁ፣ ማገዶ ለመቆጠብ።»

ብሩማን ንጣፎቹን ከጫማው አውጥቶ ከምድጃዋ ጠርዝ ሊያስቀምጥ እጁን ሲዘረጋ ጉንቮር አፏን በመዳፏ ያዘች። ብሩማን የቀረበለትን ቂጣ በልቶ፣ አመስግኖ ወጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም በኔ ወጥ ቤት ሰበሰበን። በጓዳዬ ያለውን ኬክ ቆርሼ አቀረብኩ፤ የነካው የለም። በሩ ላይ ጫማዎቻችን ተደርድረዋል፤ ንጣፎቻችን ምድጃው ላይ ይጨሳሉ።

«አሁን ሁላችሁም ያደረጋችሁትን እዩ» አለ ብሩማን ወደ ምድጃው እያሳየ። «ማንም ሳያዛችሁ ነው ያወጣችሁት። የሂልዲንግን ቦት ሆስፒታል ውስጥ ስፈታ ንጣፍ አልነበረውም። ታይራ በእጇ ሰጥታዋለች። እንግዲህ ቅዳሜ ሰው ቤት ገብቷል፣ ጫማውን አውልቋል፣ ንጣፉንም አድርቋል። ከዚያ በኋላ ጫማውን ያጠለቀለት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደንግጦ ስለነበር ንጣፉን ረሳ።»

«ታዲያ ጎተራው...» አልኩ።

«ከጎተራው አልወደቀም፣ ታይራ። ራሱን አልገደለም።»

ጠረጴዛውን ይዤ ተቀመጥኩ።

«አንቺ በሠራሽለት የሱፍ ካልሲ ሥር ሰጋቱራ ነበረ» ብሎ ቀጠለ።

ሁሉም ወደ ቶርቢየርን ዞሩ። ፎልኬ ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ።

«ምን ታፈጣለህ አንተ!» አለ ቶርቢየርን። «እኔ ቤት ሰጋቱራ እስከ ጉልበት ነው፣ ምን ይደንቃል?»

«በመጋዝ ቤት ጫማውን የሚያወልቅ ሰው አለ?» አለ ብሩማን። «በካልሲ የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ የሰው ንጹሕ ወለል ላይ ነው። ደግሞ ሰጋቱራው ውስጥ የአሮጌ ሰማያዊ ቀለም ቅርፊት አለበት። ሂልዲንግ ቀለም የተቀባ አሮጌ ወለል እየላገ ነበር። የማንን?» ከኪሱ የካልሲ ጥንዶች አውጥቶ በየተራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። «የመላጊያ ብናኝ በቀላሉ አይጠፋም። ቢጠርጉትም፣ በሳሙና ቢያጥቡትም በየቀኑ ከጣሪያ ይወርዳል። ይህ ቶርቢየርን ቤት የረገጥኩበት ነው፤ ሰጋቱራ አለው፣ ሰማያዊ የለውም። ይህ የፎልኬ፤ ንጹሕ። ይህኛው...»

ነጩ ካልሲ ሥር ሰማያዊ ነጠብጣቦች ነበሩ። የማን ቤት እንደረገጠበት ከመናገሩ በፊት ጉንቮር ራሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«አንዲት ሴት ብቻዋን ያን ትልቅ ሰው እንዴት ተሸከመችው?» አለ ፎልኬ።

«አልተሸከመችውም። ከደረጃው ሥር ከመጨረሻው እርከን ጎትታ በረዶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። እስኪጨልም ማገዶ ቤት ደበቀችው። እዚያው እንደተቀመጠ ደረቀ፤ ለዚህ ነው ጉልበቱ ያልተዘረጋው። ሲጨልም ገፍታ አመጣችውና የጎተራውን መሰላል ከጎኑ አጋደመች። የወንበሩን ፈለግ በረዶው ሸፈነው።»

«ደረጃውን የቅዳሜ ጽዳት ብዬ በሳሙና አጥቤው ነበር» አለች ጉንቮር። «መላጊያውን ይዞ በሱፍ ካልሲ ሲወርድ አንሸራተተው። የግብሩን ደብዳቤ እኔ አየዋለሁ ብዬው ነበር፤ እሱም ወለልሽን እልግልሻለሁ አለኝ። ያለ ደረሰኝ።» ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣ። «ያለ ደረሰኝ! እኔ!»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል» አለ ብሩማን።

«ስልኩን አንሥቼ ነበር። ‹አንቺ ቤት ምን ይሠራ ነበር?› ብለው ሲጠይቁኝ ታየኝ። መልሼ ዘጋሁት። ደግሜ አነሣሁ፤ ደግሜ ዘጋሁ። ስመለስ አልፏል።»

ቶርቢየርን ብድግ አለ። «ሃያ ዓመት ስታሳድጅን! እኛን ሌባ ስትይ!»

«ተቀመጥ» አለው ብሩማን። «የጎተራህን ጣሪያ ማን መታልህ?»

 «በሳንቃ ተለዋውጠን ነው» አለ ቶርቢየርን እየተቀመጠ። ፎልኬ ኬኩን ያይ ነበር። እኔም ጓዳዬ ውስጥ ያንን የአጋዘን እግር ጨው ነስንሼ የሰቀልኩት ራሴ ነኝ፤ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ ሌላውን ማየት የቻለ አልነበረም።

«ተናገረ ወይ?» አልኳት ጉንቮርን። «ስልኩን ስታነሺና ስትዘጊ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። «‹ለታይራ እንዳትነግሪያት› አለኝ። ‹ግብር ቢሮውን በየማዕዱ ስሰድብ ሰምታኛለች። አንቺ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ እንደነበር እንዳትነግሪያት።›»

ብሩማን የጉንቮርን ኮት ያዘላት። ቦቷን ስታጠልቅ ንጣፎቿን ምድጃው ላይ ረስታቸው ነበር፤ አንሥቼ ሰጠኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ ነው ያደረገው።

ቄሱ በቀብሩ ላይ ስለ አደጋ ብቻ ተናገሩ። እኔ ራሱን አልገደለም እያልኩ ለሰው ሁሉ ልናገር አስቤ ነበር፤ እንዴት እንደሞተ ሳልናገር ግን ያንን መናገር አልቻልኩም፤ ስለዚህ ሰው ሲያቅፈኝ ዝም አልኩ። ጉንቮር ኋላ ተፈረደባት፤ ቤቷ ተሸጠ። ፎልኬ ያንን ክረምት ለማንም ስለ ሆስፒታል አላወራም።

የሂልዲንግን የሬሳ ሣጥን ቶርቢየርን ሠራው። ለወዳጅ ነው፣ ምንም አልቀበልም ብሎ ነበር። በቀብሩ ዋዜማ ግን ሣጥኑን አምጥቶ ከደጃችን ሲያወርድ ባርኔጣውን አወለቀና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ደረሰኝ ነበር። ግብሩን ጨምሬ ከፈልኩት።