በኳሱ ቀን የተዘጋው በር

መምህሩ በማዘጋጃ ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው የብረት ካዝናውን ጥግ መትቶ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። በሩን ከውስጥ ቀርቅረውት ስለነበር፣ ተንኳኩቶ መልስ ሲጠፋ ዘበኛው በትከሻው ሰብሮ ነው የገባው። ከተማው ሁሉ ዓይኑን የዋንጫው ጨዋታ ላይ ተክሎ ስለነበር ከመንገድ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

«በደስታ ነው የሞቱት» አለ ሰብሳቢው። «ጎል ገባ ብለው ሲዘሉ ወድቀው ነው።»

ፋርማሲስቷ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። የሟች የእህት ልጅ ናት፤ እሷንና ወንድሟን ኢንጂነሩን ወላጆቻቸው ሲሞቱ አንስተው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። «ገባ! ገባ!» ሲሉ በግድግዳው በኩል የሰማችውም እሷ ናት። ወዲያው ደግሞ ከተማው በጩኸት ተናጋ። አጎቷ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ልጅ ሲቦርቁ ታይቷት ፈገግ ብላ ነበር። ያ ፈገግታ አሁን ከንፈሯን ያቃጥላታል።

የመሬት ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰብሳቢው፣ መምህሩና እሷ። ሰብሳቢው ዓይኑን በጨው አጥቦ ስብሰባውን የጠራው በዋንጫው ቀን ነው፤ ጉዳዩም የከተማው ብቸኛ የኳስ ሜዳ ለሕንፃ እንዲሸጥ ነበር። ሕዝብ ኳስ ሲያይ ሜዳውን ከእግሩ ሥር መሳብ ማለት ይኸው ነው። ወሬ እንዳይወጣ ስልኮችን በቅርጫት ሰብስቦ ለዘበኛው ሰጠ፣ የውጭውን በር ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ውሳኔው የሁሉንም ድምፅ ይፈልጋል። መምህሩ ግን እጃቸውን አላነሡም።

«ጨዋታው ሲያልቅ ሕዝቡ አደባባይ ይወጣል፤ ያኔ በመስኮት እነግረዋለሁ። እስከዚያ ለማንም አልከፍትም» ብለው ጓዳ ገብተው ቀረቀሩ። ሰብሳቢው ተቆጥቶ ወደ ቢሮው ሄደ፤ የሕንፃውን ፕላን ሊያስረዳ የመጣው ወንድሟ ወደ ታች ወረደ። እሷ እጇን ልታነሣ ይሁን ልታወርድ ሳታውቅ አዳራሹ ውስጥ ቀረች።

ዘበኛው ከቅርጫቱ ስልክ አውጥቶ የጠራት መርማሪ ከጨዋታው ተነጥላ ስለመጣች ፊቷ እንደተኮሳተረ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባው እጇ ላይ ሳይቀር አታልፍም። ቁልፉን ከሰብሳቢው ተቀብላ በሩን እንደገና ቆለፈችው። ቁልፉ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ለፋርማሲስቷ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

መርማሪዋ የጓዳውን መስኮት ገፋ አደረገችው፤ አልተሸጎረም። ከውጭ የፎቁ በረንዳ አለ። ከቢሮዎቹም ሆነ ከታች በደረጃ መጥቶ እዚህ መስኮት ለመድረስ አዲስ ቀለም የተቀባ የብረት አጥር መሻገር ግድ ነው። አጥሩን በጣቷ ነካች፤ አረንጓዴ የሆነ ጣቷን በመሐረብ ጠረገች።

«መምህሩን ታውቃቸው ነበር?» አለችው ዘበኛውን።

«እንዴት አላውቃቸውም! እኔን እንኳ አንቱ ነው የሚሉኝ። ይቺን የግቢውን ድመት ‹እባክዎ ይለፉ› ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎንስ?» ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

«አንቱ ነው እንጂ። ሲሰድቡኝም በአንቱ ነው። ዛሬ ‹እርስዎ ሌባ ነዎት› አሉኝ፣ ይታይሽ!»

«ኢንጂነር፣ አንተ የት ነበርክ?»

«ታች፣ መጸዳጃ ቤት።»

ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ እሱ ግን ኮቱን ገልብጦ ክንዱ ላይ አጥፎታል። እህቱ አየችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አሸሸች።

መርማሪዋ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እኔ ከጨዋታው ተነሥቼ እስክወጣ ድረስ ጎል አልገባም» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ከተማው የጮኸው ኳሷ የጎሉን ብረት መትታ ስትመለስ ነው። ስልካችሁ ቅርጫት ውስጥ ስለሆነ አንዳችሁም አላወቃችሁም። መምህሩም ሬዲዮ የላቸውም። ታዲያ ገባ ያሉት ምኑን ነው? ሰው ነው የገባው። በመስኮቱ።»

«እኔ ላይ ልታላክኪ ነዋ!» ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሣ።

«እርስዎ ቢሆኑ ደስታዬ ነበር። ግን በስድብ መሐል እንኳ አንቱታቸውን ያልዘነጉ ሰው ሲደነግጡ ይዘነጉታል?» ወደ ፋርማሲስቷ ጠጋ አለች። «እህቴ፣ በደንብ አስቢና ንገሪኝ። ‹ገባ› ነው ያሉት ወይስ ‹ገቡ›?»

ያኔ ነው ለእሷ የገባት። አጎቷ አንተ የሚሉት ወንድ በምድር ላይ አንድ ብቻ ነበር።

ወንድሟ አያት። ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር እንዲሁ ነበር የሚያያት፤ እሷም «ድመቷ ናት» ትልለት ነበር። አሁንም «ገቡ» ብትል ሰብሳቢው ይታሰራል፤ ለእሱ ደግሞ ማን ያለቅሳል? ከሥጋዋ የቀረላት ይኼው አንድ ወንድም ነው። ወደ በሩ ዞረች፤ ተቆልፏል። እንባዋ መጣ።

«ገባ» አለች። «ገባ ነው ያሉት።»

«ኮትህን ዘርጋው» አለች መርማሪዋ።

በሆዱ በኩል አረንጓዴው ቀለም ገና አልደረቀም።

«ልለምናቸው ነበር» አለ ወንድሟ፣ ለእህቱ እንጂ ለመርማሪዋ አይመስልም። «ለሜዳው ገዢ ቃል ገብቼለታለሁ። ስገባ ጮኹ። ዝም እንዲሉልኝ ገፋ አደረግኋቸው፤ በቃ፣ ወደቁ። ጋሼን እኔ እገድላለሁ?»

እህቱ ጠጋ አለችው። ካቴናው ሲገባለት እጁን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

ሰብሳቢው ላቡን ጠርጎ ቃለ ጉባኤውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «እንግዲህ የቀረነው ሁለት ነን። ጨዋታው ሳያልቅ...»

ንግግሩን አልጨረሰም። ከውጭ ከተማው ፈነዳ፤ «ገባ! ገባ!»፤ ይኼኛው የእውነት ነው። የየቤቱ በሮች ተበረገዱ፣ ሕዝቡ እየዘፈነ አደባባዩን ሞላው።

ፋርማሲስቷ ወረቀቱን መልሳ ገፋችው። ጓዳ ገባች፣ በተሸፈነው አስከሬን ዙሪያ አለፈችና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከታች ያሉት አብራ የምትደሰት መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙላት።

«ሜዳችሁን...» ብላ ጀመረች፤ ድምፅዋ በዘፈኑ ተዋጠ። ጮክ ብላ እንደገና ጀመረች።