ምንጭ፦ መሪጌታ ወልደሩፋኤል

«ይቺን ስም ሰርዢያት» አሉ መምህር ሞላ፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው። «ሌላው ድንቅ ነው። አብሽሪ፣ ገንዘቡን እናገኛለን።»

አመለወርቅ ጣታቸው ያረፈበትን አየች። «የመረጃ ምንጭ፦ መሪጌታ ወልደሩፋኤል» ይላል። አባቷ ናቸው።

ማስታወቂያው የመጣው ከደሴ ነው፤ ጥሩ የጥናት ሐሳብ ላቀረበ ተማሪ የሥራ ማስኬጃ ይሰጣል። የመካነ ሰላም ሱቆች እስክሪብቶ ካጡ ሰንብተዋል። እሷም ከጥላሸት፣ ካረረ ገብስና ከሙጫ ቀለም ሠርቶ ለትምህርት ቤቱ ማዳረስ ይቻላል ብላ ጻፈች። አሠራሩን ያሳዩዋት አባቷ ናቸው።

«ለምን ይሰረዛል?»

«ቄስ ናቸዋ! ወረቀቱን የሚያዩት ካድሬዎች ናቸው፤ ገና ስሙን ሲያዩ ይወረውሩታል። ‹ምንጭ፦ ሰፊው ሕዝብ› በዪና ስጪኝ። የደሴው መኪና ነገ ጠዋት ይሄዳል።»

ሰፊው ሕዝብ! ሰፊው ሕዝብ መቼ ነው ጥላሸት ሲፍቅ ጣቱ የጠቆረው?

እቤት ስትደርስ ደብተሯን መደቡ ላይ ወረወረችውና ሁሉንም ለአባቷ ነገረቻቸው። እንዲቆጡላት ፈልጋ ነበር። እሳቸው ግን መቁጠሪያቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ሰርዢ ካለሽ ሰርዢዋ» አሉ።

«አባባ! ስምዎን እኮ ነው!»

«ሞላ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ወግዲ ሳለሁ ፊደል ሳስቆጥረውም እንዲሁ ፈሪ ነበር።»

አመለወርቅ ክው አለች። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩት?»

«ዳዊት እስኪደግም ድረስ። ለማንም እንዳታወሪ፤ በዚህ ዘመን እንጀራውን ታሳጪዋለሽ።»

ደሟ ፈላ። በየሳምንቱ የፖለቲካ ውይይት ላይ ቆመው «የቄስ ትምህርት ድንቁርና ነው» የሚሉት እኚሁ ሰውዬ አይደሉም? አባቷም አናደዷት፤ ሰው የገዛ ስሙን እንደ አሮጌ ጨርቅ ይጥላል? ብታወራ ሰውየውን ከሥራ ያባርሯቸዋል። ብትሰርዝ ገንዘቡ ይመጣል፣ ልጆቹም ይጽፋሉ። ሁለቱንም መንገድ አሰበች፣ ሁለቱንም ጠላች።

በማግስቱ መምህር ሞላን ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው። በሩን ዘጋች።

«ሰረዝሽው?»

«አልሰረዝኩም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ ስለ ወግዲ አጫወቱኝ። እኔ ለማንም አልናገርም። ብሞትም አልናገርም።»

የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ።

አመለወርቅ ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋች። ፈተና የሚያርሙበትን ቀይ እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አንስታ አቀበለቻቸው።

«እኔ የአባቴን ስም አልሰርዝም። እርስዎ የየኔታዎን ስም መሰረዝ ከቻሉ፣ ይሰርዙት።»

ከውጭ ወደ ደሴ የሚሄደው የጭነት መኪና ክላክስ አሰማ። መምህር ሞላ እስክሪብቶውን ይዘው ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያም ወደ እሷ፣ ብቻቸውን ትታቸው ትወጣ እንደሆነ።

እሷ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።