አሥር ሺህ ዕንቁላል በፌርፋክስ

ማዕዶት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ መቆም አልነበረባትም። ይህን ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

በፈረንጆች 2015 ጥር ነው፤ የገና ዋዜማ። ሥራዋ በቫን ዕቃ ማድረስ ነው፤ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከሰሜን በአውሮፕላን የሚመጣውን የሳልመን ዕንቁላል ከኤርፖርት ተቀብላ ቶራንስ ላለ የዓሣ ማስፈልፈያ ታደርሳለች። ዕንቁላሉን እዚያ ሰሜን ከዓሣዎቹ ሆድ በእጁ እየጨመቀ የሚሰበስበው ፍሬአብ ነው። የተዋወቁት ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ደውላ «አውሮፕላኑ ዘግይቷል» ስትለው፣ እሱም በአነጋገሯ አውቋት «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» ሲላት ነበር። ሁለት ዓመት በስልክ ሲሳሳቁ ኖሩ። ዛሬ ግን ሳጥኑን ይዞ ራሱ መጣ። በስልክ እንደዚያ የሚቀልደው ሰው ፊት ለፊት ሲያዩት ዓይናፋር ነው።

አባቷ ጋሽ ጉግሳ ፌርፋክስ ላይ ካለ አንድ ምግብ ቤት ጀርባ የቅርጫ ሥጋ በነጭ የበረዶ ሳጥን እያደረጉ ያከፋፍላሉ። ማዕዶት የቤታቸውን ድርሻ ለመጫን ያንኑ የመሰለውን የዕንቁላሉን ሳጥን ለአፍታ መሬት ላይ አኖረችው። ዞር ብላ ስትመለስ የለም።

«አባዬ፣ እዚህ የነበረው ሳጥን የታል?»

«ለቦሰና ሰጠኋት» አሉ ጋሽ ጉግሳ ከስም ዝርዝራቸው ቀና ሳይሉ። «አሁን ይዛው ሄደች። ምነው?»

ፍሬአብ ከቫኑ የፊት ወንበር ወረደ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፍሪዘር ከገባ አለቀ» አለ ቀስ ብሎ። «አሥር ሺህ ነው፤ የዘንድሮ የመጨረሻው። ከሞተ እኔም ሥራዬን ተሰናበትኩ ማለት ነው።»

እትዬ ቦሰና ስልክ አያነሱም። ቤታቸው እስካለበት እስከ ዌስትቼስተር ድረስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ፍሬአብ ሰዓቱን ያያል፤ ማዕዶት መሪውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች።

«ለምን ቆምሽ?» አላት በመጨረሻ። «ዳይሬክት እንሄዳለን ብለሽኝ አልነበር?»

«አባቴ እንዲያይህ ፈልጌ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ።

«እኔን?»

«አንተን ነዋ። ታዲያ ዕንቁላሉን ላሳየው ኖሯል?»

ፍሬአብ ወደ መስኮቱ ዞረ። ተቆጥቶ ይሁን አፍሮ ማወቅ አልቻለችም።

እትዬ ቦሰና በሩን የከፈቱት ቢላዋና ሽንኩርት እንደያዙ ነው።

«እትዬ፣ ሳጥኑስ?»

«ፍሪዘር ውስጥ ነዋ! ሥጋ ሌላ የት ይቀመጣል ልጄ?»

ፍሬአብ ሳይፈቀድለት ወደ ጓዳ ሮጠ። ሳጥኑን አውጥቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ክዳኑን አነሳ። የላይኛው ትሪ ዳር ዳሩ ነጥቷል፤ የነጣ ዕንቁላል የሞተ ነው። ሁለተኛውን አነሳ። ብርቱካናማ ነው። የስልኩን መብራት አበራበት፤ በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ የሚያህል ዓይን ይታያል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ቆይቶ አንዷ ውስጥ የሆነ ነገር ተገላበጠ።

«ተንቀሳቀሰ!» አለች ማዕዶት፤ እንባዋም መጣ።

«በኢየሱስ ስም!» አሉ እትዬ ቦሰና ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። «ዓይን አለው እኮ! እኔ ለጥብስ ሽንኩርት እየከተፍኩ!»

«ስንቱ ሞተ?» ስትል ጠየቀችው።

«ቢበዛ ሁለት መቶ። ለአለቃዬ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ሌላው ተርፏል።» ከፌርፋክስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት። «ሶ፣ አባትሽ አዩኝ?»

«ከሥጋው ዝርዝር መች ቀና አለና!»

ፍሬአብ ክዳኑን ገጥሞ ሳጥኑን አቀፈ።

«በይ ይህን ቶራንስ እናድርስና እንመለስ» አላት። «ካላዩኝማ ምኑን መጣሁት!»